ከየት አመጣሽው?

አባቴ «ልጄ» ብሎ በጠራኝ ቁጥር እፈራለሁ። ይህን ብናገር ማን ያምነኛል? ጎረቤቶቼ ደረጃው ላይ ሲሰሙት፣ ታድለሽ፣ በዚህ ዕድሜያቸው አንደበታቸው እንዴት ይጣፍጣል ይሉኛል። እኔም ፈገግ እላለሁ፤ ምን ላድርግ። በኛ ቤት «ልጄ» የኔ መጠሪያ ሆኖ እንደማያውቅ ለየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሁሉ ሳስረዳ አልኖርም።

አባቴ ዕድሜ ልኩን የሂሳብ አስተማሪ ነበር። ያስተማረው ከላምበረት መናኸሪያ በሚነሳ አውቶቡስ በሚደረስባት አንዲት የወረዳ ከተማ ነው፤ እኔም ያደግኩት እዚያው ነው። እዚያ ተማሪው ሁሉ «ልጄ» ነበር። የጎበዘውም ልጄ፣ ያጠፋውም ልጄ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሙ የጠፋበት ልጄ። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው፤ የሁሉን ስም ከየት ያመጣል? «ና እስቲ ልጄ፣ ሰሌዳው ጋ ውጣ» ይላል፣ ልጁም መምህሩ የሚያውቀው መስሎት ደስ ብሎት ይወጣል። እቤት ሲገባ ግን እኔን «እሜቴ» ነበር የሚለኝ። ቁጡ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ፤ ካኮረፍኩ ቤቱ አይበቃኝም። እሜቴን ዛሬ ደግሞ ማን ነካብኝ እያለ ይስቅብኛል። ልጄ የተማሪ ነበር፣ እሜቴ የኔ።

ተማሪዎቹ የሚጠሉት አንድ ጠባይ ነበረው። መልሱ ልክ ቢሆንም አሠራሩ ካልተጻፈ ዜሮ ይሰጣል። ቀይ እስክሪፕቶውን ከደረት ኪሱ ይመዝና ከመልሱ አጠገብ «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ይጽፋል። ሰባተኛ ክፍል እኔንም አስተምሮኛል። አንድ ፈተና ላይ ጥያቄው ጭራሽ አልገባኝም፤ ዝም ከምል ብዬ ደስ ያለኝን ቁጥር ጻፍኩ፣ ልክ ሆኖ አረፈው። ወረቀቱ ሲመለስልኝ በቀይ «ከየት አመጣሽው?» ይላል፣ ከሥሩ ዜሮ። እንዴት እንደተናደድኩ! ያን ማታ እራት አልበላም ብዬ አኮረፍኩ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጅቷ ልክ ከመለሰች ሌላ ምን ቀራት ብላ ተከራከረችልኝ። አባቴ እንጀራውን እየቆረሰ ረጋ ብሎ መለሰላት።

«መልሷ ልክ ነው። አታውቀውም እንጂ። ነገ ቁጥሩን ብቀይረው የት ትገባለች?»

ያን ጊዜ ክፋት መስሎኝ ነበር። አሁን ቦሌ አንድ መነጽር ቤት ውስጥ የሰው ዓይን እየለካሁ ነው የምኖረው፤ ውዬ የማመሸው የሱን ጥያቄ ስጠይቅ ነው። ሰው ዓይኑ መድከሙን መስማት አይወድም። ተራ ሲጠብቅ ከፊቱ ያለው ሰው ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ሲያነብ ይሰማል፣ በሆዱ ይይዛል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና አንድም ሳይስት ያነበንብልኛል። ልክ ነው፣ ግን አላየም። እኔም ሰሌዳውን ሌላ ፊደል ወዳለበት ጀርባው እገለብጠዋለሁ። ያን ጊዜ ይጠፋዋል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያኮርፈኛል።

እናቴ ስትሞት አባቴን የካ አባዶ አመጣሁት፣ አራተኛ ፎቅ። በመጀመሪያ ቁልፍ መርሳት ጀመረ፤ እኔም እረሳለሁ ብዬ ናቅኩት። ቀጥሎ ቀኑ ጠፋው፤ ቀጥሎ ከዳቦ ቤት የሚመለስበት መንገድ። ሐኪሙ በዕድሜ የሚመጣ ነው፣ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም አለኝ። እሜቴ የጠፋችው የትኛው ቀን እንደሆነ አላውቅም። መጥፋቷን ያስተዋልኩት ከጠፋች ከቆየች በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀርብለት «ተባረኪ ልጄ» አለኝ፤ ቆም ብዬ ሳስብ፣ ለካ ሰንብቷል እንዲህ ካለኝ። ያው መምህር አይደል፣ ዳቦ ሻጯንም ልጄ፣ የታክሲ ረዳቱንም ልጄ፣ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውንም ልጄ ይላል። ለጊዜው ሆዴን ባሰኝ እንጂ አላስፈራኝም ነበር። ምንም ቢሆን ልጁ ነኝ፤ ልጄ ማለቱ ስህተት የለውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ፍርሃቱ የመጣው ከጥበቃው ጋር ባወራሁ ቀን ነው። ቀን ቀን ከአባቴ ጋር የሚውሉት እትዬ ናቸው፤ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ረጋ ያሉ ሴት። እኔ ከቦሌ እስክመለስ ምሳውን ያቀርቡለታል፣ ሬዲዮውን ይከፍቱለታል። አንድ ቀን ለቅሶ ገጥሟቸው ሄዱ፤ እኔም የግቢውን ጥበቃ አደራ ብዬ ሥራ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ለጥበቃው ደወልኩ። አባባ ወጥተው ነበር እንዴ፣ ገብተዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አዎ፣ አሁን ገቡ አለኝ። እፎይ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ከባልደረቦቼም ጋር ስስቅ ዋልኩ። ማታ ስገባ አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ ሬዲዮ ያዳምጣል። ምንም አልሆነም።

ጥበቃውን ላመሰግነው ስወርድ ነው ጉዱ የወጣው። ያ ልጃቸው ደግፎ ነው እኮ ያስገባቸው አለኝ። የቱ ልጃቸው? አባቴ ወንድ ልጅ የለውም። ለካ ሲያወራልኝ የነበረው ስለ ሁለተኛው ፎቅ አባባ ነው፤ ጡረታ ስለወጡት ወታደር፣ ሐኪም ቤት ውለው ስለተመለሱት። የኔን አባባ ቀኑን ሙሉ አላያቸውም። ወጥቶ ይሁን፣ ከወጣስ በየት በኩል ተመልሶ ይሁን፣ አንድም የሚያውቅ ሰው የለም። ደሜ ፈላ፣ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበለው? አባባ ገብተዋል ወይ አልኩት፣ አባባ ገብተዋል አለኝ። አልዋሸም። በኛ አገር ፀጉሩ የሸበተ ሁሉ አባባ ነው።

ደረጃውን መልሼ ወጣሁ። ምንም ያልሆነ ነገር እንዲህ ሊያስፈራ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። አባቴ እቤት ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ እውነትም እቤት ነበር። ግን አላወቅኩም ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እፎይ ብዬ የሳቅኩት በሌላ ሰው አባት መግባት ነው። የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ብረቱን ይዤ ቆምኩና የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ፤ ቁጥሩን ብቀይረው የት ትገቢያለሽ ይለኛል።

በሩን ከፍቼ ስገባ ቀና ብሎ አየኝና «መጣሽ ልጄ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያ ቃል ልቤ ውስጥ እንደ በረዶ የገባው። ጥበቃው አባባ እንዳለኝ ነው እኮ ይሄም ልጄ የሚለኝ! ቃሉ ልክ ነው፣ እኔ ላይም አርፏል፤ ግን ሲናገረው እኔን እያየ ነው ወይስ ስሟ የጠፋበትን አንዲት ተማሪ? ልጁ እንደሆንኩ ያውቃል ወይስ እንዲሁ ገጠመለት? መፍትሔው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ማነኝ ብሎ መጠየቅ። የሰውን ዓይን ስፈትን የምውል ሴት፣ ሰሌዳ መገልበጥ ሥራዬ የሆነ ሴት፣ የገዛ አባቴን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ፈራሁ። ጠዋት ጠዋት ዛሬ እጠይቀዋለሁ ብዬ እነሳለሁ፤ ፊቱን ሳይ ሐሞቴ ይፈሳል። ካልጠየቅኩት ያውቀኛል ብዬ መኖር እችላለሁ። ከጠየቅኩት ግን መልሱን መልሼ አፉ ውስጥ መክተት አልችልም።

ቁጥሩ የተቀየረው በሰኔ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ እትዬ ደወሉ፤ ሲያለቅሱ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። የታጠበ ልብስ ላሰጣ ግቢ ወርጄ ስመለስ በሩ ተከፍቷል፣ አባትሽ የሉም አሉኝ። ኮቱና ከረባቱ ከተሰቀሉበት የሉም፣ ቀይ እስክሪፕቶውም ጠረጴዛው ላይ የለም አሉኝ። ደንበኛዬን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አንድ ዓይኑን እንደሸፈነ ጥዬው ወጣሁ። ነጭ ጋዋኔን እንኳ አላወለቅኩም። እግሬ ላይ ሱቅ ውስጥ የምንቀያይራት ነጠላ ጫማ መሆኗን ያየሁት መገናኛ ስደርስ ነው።

ከመገናኛ እስከ የካ አባዶ ያለውን መንገድ ማን ያሳጥረዋል! ታክሲው ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ ይቆማል። እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ የተቆፈረውን ሁሉ አያለሁ። ከተማው ሁሉ ጉድጓድ ነው፤ አንዱ ለቱቦ፣ አንዱ ለፎቅ መሠረት፣ ሁሉም የክረምት ውሃ ጠጥቷል። ወንዝ ዳር ተገኙ የተባሉ ሽማግሌዎች ወሬ፣ ሰምቼ የረሳሁት ሁሉ፣ ተራ በተራ ትዝ ይለኝ ጀመር። ላምበረትን አልፈን ስንሄድ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። ሲጨንቀኝ እንደማደርገው ከንፈሬን ስነክስ ነበር፤ ደም ደም ሲለኝ ነው ያወቅኩት።

ሰፈራችን የታክሲ መያዣው ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። አባባን ያላየ የለም። አንዱ ጋቢ የለበሱ አባባ ወደ ካራ በእግራቸው ሲሄዱ አይቻለሁ አለኝ። አንዷ ዱላ የያዙ አባባ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀምጠዋል አለችኝ። ሌላው እጁን ዘርግቶ ያሳየኝ አባባ መንገዱን ሲሻገሩ ሳይ፣ ሌላ ሰው ናቸው። ማንም አልዋሸኝም፤ ሁሉም አባባ አይተዋል። እየዞርኩ ያየሁትን ሽበት ሁሉ ከፊት ለፊት እያየሁ፣ ይቅርታ አባባ እያልኩ፣ ላብድ ደረስኩ።

በመጨረሻ አንድ የታክሲ ረዳት ሳቅ አለ። እኚያ ነገረኛው አባባ ይሆኑ እንዴ አለኝ። ላምበረት፣ ላምበረት እያለ ሲጣራ ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ ይህ መኪና ላምበረት እንደሚደርስ በምን አወቅህ ብለው ጠየቁት። ሁልጊዜ ስለምንሄድ ነዋ ሲላቸው፣ እሱ የትናንቱ ነው፣ የዛሬውን ከየት አመጣኸው አሉት። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ገብተው ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጡ።

ከዚህ ወዲያ ማንንም አልጠየቅኩም። በዚህ ከተማ ከረባት ያሰረ ሽማግሌ ሞልቷል፤ ረዳትን እንዲያ አፋጦ የሚይዝ ግን አንድ ነው። በዚያ ቀን ያወቅኩት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነበር።

ላምበረት ስደርስ ዝናቡ ጀምሯል። አውቶቡሶቹ ሞተር አስነስተው ያጓራሉ፣ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ይጋፋል። አንዱ ላይ ወጥቶ ሄዶ ቢሆንስ? አውቶቡስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በጭቃው ውስጥ እየተከተልኩ በመስኮቱ አንጋጥጣለሁ፤ አንዷን ነጠላ ጫማ ጭቃው ሊያስቀርብኝ ነበር። አጥሩ ሥር ላስቲክ ወጥራ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ከላስቲኩ ሥር፣ ዱካ ላይ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ አባቴ ተቀምጧል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ከሩቅ ጀምሬ ጮህኩበት። ምን ነክቶህ ነው፣ ማን ውጣ አለህ፣ ልትገድለኝ ነው ወይ አልኩት። እንባዬና ዝናቡ ተቀላቅሎ በጉንጬ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። አባቴ አልደነገጠም። ቀና ብሎ ፊቴን አየና ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«መጣሽ ልጄ» አለኝ።

ሻይ ሻጯ፣ አላልኩዎትም አባባ አለችው፤ ወደኔ ዞራም፣ ከተቀመጡ ጀምሮ ልጄ ትመጣለች፣ ልጄ ትመጣለች ሲሉ ነበር አለችኝ።  ይጠብቀኝ ነበር! ግንባሩን ሳምኩት፣ እጁን ያዝኩት፣ የሰፈረብኝ ፍርሃት ሁሉ እንደ ካፖርት ከላዬ የወረደ መሰለኝ። አባቴ ሊሄድ ሲነሳ ለሴትየዋ ጎንበስ ብሎ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ አላት። ጃንጥላ ይዞ እስከ በሩ የሸኘንን የመናኸሪያ ጥበቃም በርታ ልጄ አለው። እሱ ከፊት ሲያልፍ ሴትየዋ ክንዴን ያዝ አድርጋ አንሾካሾከችልኝ። ተማሪዎቼ ለፈተና ይጠብቁኛል፣ አውቶቡስ ልግባ ብለው ሲያስቸግሩኝ ማስቀመጫ አጥቼ፣ ልጅዎ እኮ ትመጣለች ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ነው እሱኑ የሚደጋግሙት አለችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ውለታዋን አልረሳም። ግን ያን የአፍታ ደስታዬን ይዛው ቀረች። ለካ አባቴም እንደ ደንበኞቼ ነው፤ ተራ ሲጠብቅ የሰማውን ነው ያነበበልኝ።

ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። የኮተቤ መንገድ ተጨናንቋል፣ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለብሷል።  እኔ የአባቴን እጅ ይዣለሁ። ከዚህ በላይ መፍራት አልቻልኩም፤ ሲሆን ይሁን አልኩ።

«አባዬ፣ እኔ ማነኝ?»

የፈተና ወረቀት እንደሚያይ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ።

«ልጄ ነሻ።»

እዚያ ላይ መተው እችል ነበር። ብተወው ኖሮ እስከ ዛሬ ያውቀኛል ብዬ እኖር ነበር። ግን የዚያ ሰው ልጅ ነኝ፤ የራሱ ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«ከየት አመጣኸው?»

ዓይኑ በራ። ለወራት እንዲያ ሲበራ አላየሁትም። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ የደረት ኪሱን ዳስሶ እስክሪፕቶው መኖሩን አረጋገጠ፣ ጣቱን አነሳ።

«ላስረዳሽ» አለኝ። «ያቺ ሻይ የሰጠችኝ ልጅ ጥሩ ሰው ናት፤ አልተቆጣችኝም። ጥበቃውም አልተቆጣኝም። ሰው ሽማግሌ ጠፍቶ ቢያገኝ ያዝናል እንጂ አይቆጣም። አንቺ ግን ገና ከሩቅ ስታዪኝ ተቆጣሽ። በነጠላ ጫማ ጭቃ ረግጠሽ መጥተሽ፣ እያለቀስሽ ተቆጣሽ። እጄንም ይዘሽ እስካሁን አልለቀቅሽም። ባዳ እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ልጄ ነሽ።» ጣቱን አወረደና ጠየቀኝ። «ልክ ነኝ?»

ልክ ነህ አልኩት።  ረክቶ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ጉሙን በእጅጌው ጠረገ። ትንሽ ከሄድን በኋላ የቀረው ሥራ ትዝ እንዳለው ሰው ተመለሰ።

«ስምሽን ግን ከዚህ ላወጣው አልቻልኩም።»

ስሜን ነገርኩት። በአፉ ውስጥ አንዴ አዞረው፤ ጥሩ ስም ነው፣ ማን አወጣልሽ አለኝ። አንተ አልኩት።

ሙሉ ማርክ ነው የሚሰጠው፣ አይደል? ባመጣው መንገድ አንድም ጉድለት የለበትም፤ በራሱ ቀይ እስክሪፕቶ ቢታረም ልክ ይሰጠዋል። አባቴ ያን ቀን ልጁ መሆኔን አውቋል፤ እኔን ግን አላወቀኝም። ለሁለቱም ያለን ቃል ማወቅ ነው፣ ሌላ የለንም፤ እኔም ያን ቀን ነው ሁለት መሆናቸው የገባኝ። ስንት ወር ፈርቼ የጠበቅኩት መልስ አሠራር የሌለውን ነበር። እንዲሁ፣ ሳያስብ፣ ከየትም ሳያመጣ እንዲያውቀኝ ነበር የፈለግኩት። እሱ ዜሮ የሚሰጠውን ዓይነት።

ደግሞስ ነገ ቁጥሩ ቢቀየር? ሻይ ሻጯ ቁጡ ሆና ብትጮህበት ኖሮ እሷ ልጁ ነበረች። ይሄ ነው አሁን የሚያስፈራኝ። እትዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ደንግጠው አባቴን መቆጣት ጀምረው ነበር፤ በር ጋ አይሂዱ፣ ጫማ አያድርጉ እያሉ። አንድ ቀን ወርጄ፣ እባክዎ እትዬ፣ ስወድዎ፣ አይቆጡት ብዬ ለመንኳቸው። ለአባቴ አዝኜ መስሏቸው መረቁኝ። እኔ ግን ይቺን ቁጣ ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካብኝ ነው። እኔ በየማታው በሩን ስከፍት የምቆጣበት አላጣም፤ ምሳህን ተውከው፣ ካልሲህን የት ጣልከው፣ መስኮቱን ማን ከፈተው። አባቴ አዳምጦኝ ሲያበቃ ፊቱ ይፈታና መጣሽ ልጄ ይላል። ያኔ ታድለሽ ይሉኝ የነበሩት ጎረቤቶቼ አሁን፣ ምነው፣ አባትን እንዲህ አይቆጡም እያሉ ይመክሩኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን መቆጣቱን ረሳሁት። ሥራ ላይ ጥሩ ውዬ ነበር፤ አንዲት አሮጊት በሰጠኋቸው መነጽር የልጅ ልጃቸውን ፎቶ አጥርተው አይተው መርቀውኝ፣ ልቤ ለስልሶ፣ ሙዝ ገዝቼ ገባሁ። በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩና ደህና ዋልክ አባዬ አልኩት። አባቴ ከሶፋው ተነሳ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ አለልኝ።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አለኝ። «ማንን ፈልገው ነው?»

መቆጣት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን የፈራ ሰው አይቆጣም።  ሙዙን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እሱ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ሳበልኝ፣ በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገው።

«ይቀመጡ። እሜቴ አሁን ትመጣለች፤ ልጄ ናት። ስትገባ ትቆጣለች፣ እንዳይደነግጡ።»

ተቀመጥኩ። አባቴ በሩን በሩን ያያል፤ እኔም ሌላ የማየው አጥቼ በሩን አየሁ። ሬዲዮው ዜና ያነባል፣ ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ቆየች ዛሬ፣ መንገድ ዘግቶባት ይሆናል አለኝ፣ እንዳይሰለቸኝ አስቦ።  ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ይቅርታ ብዬ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እንባዬን በመዳፌ ጠረግኩ፣ ጉሮሮዬን አጸዳሁ። እጀታውን ጨበጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ መልሼ ጨበጥኩ። ከዚያ በሩን በኃይል በረገድኩትና፣ ይሄን ሬዲዮ ምን እንዲህ ያስጮኸዋል፣ ደንቁረሃል ወይ ብዬ ገባሁ።

አባቴ ፊቱ በራ። ወደ ባዶው ወንበር ዞረ።

«አላልኩዎትም?» አለ።